የበሽተኛው ጥያቄ

አንባቢ ሆይ፤ በደብረ ታቦር ከተማ ቆመህ ወደ ምሥራቅ ብትመለከት የጉናን ተራራ ታየዋለህ። ከአራት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ነውና ብዙውን ጊዜ ራሱን በደመና ተከናንቦ ይውላል። እኔ የተወለድሁት ከዚያ ተራራ ወገብ ላይ፥ ገብስና ድንች ከሚበቅልበት፥ ሌሊቱ አጥንት ከሚሰብር ብርድ አገር ነው። በዚያ አገር ሰው ሲታመም ብቻውን አይታመምም። ጎረቤት ይጠራል፤ ቃሬዛ ይታሰራል፤ ስምንት ወይም ዐሥር ጎልማሶች እየተፈራረቁ ይሸከሙና መኪና እስከሚገኝበት መንገድ ድረስ ያወርዱታል። አባቴንም ያወረዱት እንዲሁ ነበረ።

አባቴ በሰኔ ወር ሲያርስ የማረሻው ጫፍ እግሩን ወጋው። እርሱም «ይህች ምን ልታደርገኝ!» ብሎ በጨርቅ አስሮ ወደ ሥራው ተመለሰ። ኋላ ቍስሉ እያመረቀዘ በሄደ ጊዜ ወጌሻ አየው፤ ጠበልም ተጠመቀ። እኔ በዚያን ጊዜ በከተማ አስተማሪ ሆኜ እኖር ነበርና ወሬው ሲደርሰኝ ሁለት ጣቶቹ ጠቍረው ነበር። ደብረ ታቦር ደርሰን ከዚያም ስሟን ወደማልጠራት ወደ አንዲት ከተማ አለፍንና በአንድ ትልቅ ሐኪም ቤት ተኛ። የሐኪም ቤቱንም ስም አልጽፈውም፤ የምጽፈው በደል ከእርሱ ይልቅ የእኔ ይበዛልና።

በማግሥቱ ቀዶ ሐኪሙ ከተማሪዎቹ ጋር መጣ። ጎበዝ ሐኪም እንደ ሆነ ሁሉም ይመሰክሩለት ነበረ፤ እጁ ፈጣንና የተባረከ ነው ይሉታል። ከአልጋው ግርጌ ቆሞ ቍስሉን አስገልጦ አየና ዐይኑን ወደ እኔ መልሶ «ከጕልበቱ በታች ካልተቈረጠ ይሞታል፤ ዛሬውኑ አስፈርመው» አለኝ። ግማሹን በእንግሊዝኛ ነበር የተናገረው፤ አባቴም ከፊቱ የሚነገረውን ነገር አልሰማውም። ሐኪሙ ወደሚቀጥለው አልጋ ሊያልፍ ሲል አባቴ ቀና ብሎ፥

«ጌታው፥ ለኅዳር ሚካኤል እደርሳለሁን? ጽዋው በእኔ ቤት ነው» አለው።

ሐኪሙም «ኧረ ይደርሳሉ፤ እስከዚያ ይድናሉ» ብሎ ፈገግ አለና አለፈ።

እውነቱን ነው፤ እስከ ኅዳር ቍስሉ ይድናል። ነገር ግን አባቴ የጠየቀው ስለ ቀኑ አልነበረም። በማኅበራችን ሥርዐት ባለ ተራው ሰው ከደጁ ቆሞ እንግዶቹን ይቀበላል፤ እየዞረ ጠላውን ያስቀዳል፤ ሌሊትም በመቋሚያው ተደግፎ ከቅዳሴ ይውላል። አባቴ ሊያውቅ የፈለገው በእግሩ ይቆም እንደ ሆነ ነበረ። የአገራችን ገበሬ ደግሞ የሚያስፈራውን ነገር በስሙ አይጠራውም። ስለ ጽዋ እያወራ ስለ እግሩ ይጠይቃል፤ ስለ በሬው እያወራ ስለ ሞቱ ይጠይቃል። ቅኔ ከሚነገርበት አገር የመጣ ሰው በሐኪም ፊት ሲቀርብ ሰሙን ብቻ አውጥቶ ወርቁን ይደብቃል።

«ምን አለ ሐኪሙ?» ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

«ቍስሉን በደንብ እናጥበዋለን ነው የሚሉት፥ አባየ» አልሁት።

ከዚያም ወረቀቱን አመጡልኝ። አባቴ መጻፍ አይችልም። አውራ ጣቱን ይዤ ቀለሙ ውስጥ ነከርሁና በወረቀቱ ግርጌ ላይ ጫንሁት። ጣቱ ከእርሻ የተነሣ እንደ ቅርፊት የሸከረ ነበርና አሻራው አልወጣ ብሎ ሁለት ጊዜ አስነካሁት። እርሱም እንደ ሕፃን እጁን ለቀቀልኝ።

ወንድሜ ሆይ፥ ለምን እንዲህ እንዳደረግሁ ልትጠይቀኝ ትችላለህ። እኔም ብዙ ጊዜ ለራሴ የሰጠሁት መልስ «የአገራችን ልማድ ነው፤ ክፉ ነገር ለበሽተኛ አይነገርም» የሚል ነው። ነገር ግን ልማዳችንን በደንብ ብንመረምረው እንዲህ አይደለም። መርዶ በአገራችን ይነገራል። በሌሊት አይነገርም፤ ለብቻ ለሆነ ሰው አይነገርም፤ በመንገድ ላይ ቆሞ አይነገርም። ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፥ ሽማግሌ ተመርጦ፥ ጎሕ ሲቀድ ከቤቱ ተገብቶ ይነገራል፤ የሚወድቀውን የሚይዝ እጅም በአጠገቡ ይቆማል። ልማዱ ያዘገያል እንጂ አይዋሽም። ሐኪሙ እውነቱን ያለ ሥርዐት ተናገረ፤ እኔ ደግሞ ሥርዐቱን ሰበብ አድርጌ እውነቱን ዋጥሁት።

አባቴ ከማደንዘዣው ሲነቃ እጁን ወደ ታች ሰደደ። ከዚያ በኋላ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሦስት ቀን ሙሉ ከእኔ ጋር ቃል አልተነጋገረም፤ ያመጣሁለትንም ምግብ አልቀመሰም። ቀዶ ሐኪሙ ግን በየማለዳው እየመጣ ቍስሉን ያይና ደስ ይለው ነበረ። በእውነትም ደስ የሚያሰኝ ነበር፤ መግል የለበትም፤ ትኵሳት የለም። «እንዴት አደሩ?» ሲለው አባቴ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይለዋል። ይህም በመዝገቡ ላይ «ደህና ነው» ተብሎ ይጻፋል። እኛ ሰዎች ቤታችን ተቃጥሎ ሳለ እንኳ እንዴት አደራችሁ ብንባል እግዚአብሔር ይመስገን ማለታችንን የማያውቅ ማን አለ? ሐኪሙም ያው የአገራችን ልጅ ነበረ፤ ነጩን ካፖርት ሲለብስ ግን የእናቱን ቋንቋ የረሳ መሰለኝ።

ይሁን እንጂ በሐኪሞች ላይ ብቻ ለመፍረድ አልቸኵልም። በዚያ ክፍል ውስጥ ስንት አልጋ እንደ ነበረ፥ በአልጋዎቹም መካከል ባለው ወለል ላይ ስንት ሰው እንደ ተኛ አይቻለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ሲቀድና ሲሰፋ አድሮ ጧት ዐይኑ እንደ በርበሬ የቀላ ሰው፥ አንዱን ገበሬ ስለ ጽዋ ማኅበር ቁጭ ብሎ ሊያጫውተው ጊዜ ከወዴት ያገኛል? እኔም ብዙ ዘመን እንዲሁ አስብ ነበረ። ኋላ ግን ያስገረመኝን ነገር አነበብሁ። በ2000 ዓመት፥ በፈረንጅ አቈጣጠር፥ በአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ላይ የታተመ አንድ ጥናት ነው። አጥኚዎቹ ሐኪሞችና ሕመምተኞች በ116 ጉብኝቶች የተነጋገሩትን በድምፅ መቅጃ ቀድተው መረመሩት፤ ከእነዚህም 62ቱ በቀዶ ሐኪሞች ዘንድ የተደረጉ ነበሩ። በግማሽ ያህሉ ወይም ትንሽ በሚበልጠው ጉብኝት ላይ ሕመምተኛው በወሬው መካከል ስለ ፍርሃቱ ወይም ስለ ኑሮው ችግር ፍንጭ ይጥላል። ቀዶ ሐኪሞቹ ለፍንጩ ተገቢ መልስ የሰጡት ግን ከ100 38 ጊዜ ብቻ ነው። (የልብ ሰዎች ናቸው የሚባሉት ጠቅላላ ሐኪሞች ደግሞ 21 ጊዜ ብቻ መልሰዋልና ቀዶ ሐኪሞች ብቻ ጨካኞች ናቸው ማለት ሐሰት ነው።) እኔን ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው። ፍንጩ የታለፈበት ጉብኝት ፍንጩ ከተመለሰበት ጉብኝት ይልቅ ረዝሞ ተገኘ፤ በቀዶ ሐኪሞቹ ዘንድ በአማካይ 14 ደቂቃ ሲሆን፥ የተመለሰበቱ 12 ደቂቃ ተኩል ነበረ። ነገሩን ስታስበው እውነት ነው። መልስ ያላገኘ ሰው ጥያቄውን ልብስ እየቀየረ ደጋግሞ ያመጣዋላ! ወይም እንደ አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፤ የዚያን ጊዜ ርዝመት ግን ማንም በሰዓት አልለካውም።

በአራተኛው ቀን ቍስሉን ሊያጥብ የመጣው ሌላ ወጣት ሐኪም ነበረ። እርሱም እንደ ሌሎቹ «እንዴት አደሩ አባቴ?» አለው፤ አባቴም እንደ ልማዱ መለሰ። ወጣቱ ግን አልሄደም። ወንበር ስቦ ከራስጌው ተቀመጠ። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና፥

«በሬዎቹን ማን ይዟቸው ይሆን?» ሲል ጠየቀው።

አባቴ መልስ አልሰጠውም። ብዙ ቆይቶ ፊቱን ከግድግዳው ሳያነሣ፥ «እግሬ የት ነው?» አለ።

በአጠገቡ ያሉት በሽተኞች ተያዩ። አንዱ አስታማሚ አእምሮው ተናወጠ ብሎ በሹክሹክታ ተናገረ። እኔም ራሴ ደነገጥሁ። ወጣቱ ሐኪም ግን አልሳቀም፤ «አይጨነቁ» ብሎም አልሸነገለውም። «አላውቅም አባቴ፤ ጠይቄ ልንገርዎ» አለው።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። እግሩ በግቢው ጀርባ ከባሕር ዛፎቹ ሥር መቀበሩን ነገረው። ከዚያም ባለ ጎማ ወንበር አስመጣና አባቴን በጋቢው ጠቅልለን፥ እርሱ ከኋላ እየገፋ እኔ ከጎን ሆኜ ወደ ስፍራው ወሰድነው። አባቴ ከራሱ ላይ ጋቢውን ገለጠና አቡነ ዘበሰማያት ደገመ። አፈሩን ለረዥም ጊዜ ተመለከተው። ከሰው አካል ተለይቶ የቀረ ሥጋ ያለ ክብር ተጥሎ ውሻ ይጎትተዋል ብሎ ሦስት ሌሊት ሲያስብ ማደሩን ያወቅሁት በኋላ ነው። ይህ ለሐኪሙ ትምህርት ቤት ከንቱ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ለአባቴ ግን የትንሣኤ ነገር ነበረ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ከሦስት ቀን በኋላ የመጀመሪያውን ቃል ተናገረኝ።

«እግሬንስ ሐኪሙ ቈረጠው፤ የሚያውቀው ሥራው ነው። አውራ ጣቴን ግን የያዘው ማን ነው?»

የምመልሰው አልነበረኝም። ወጣቱ ሐኪምም እንዳልሰማ ሆኖ ወደ ዛፎቹ ተመለከተ፤ ስለዚህም እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ያ ወጣት በሚቀጥሉት ቀናት የጠየቃቸው ጥያቄዎች ሁሉ ስለ ቍስሉ አልነበሩም። በደጅ ያሉት እነማን ናቸው ብሎ ጠየቀ፤ ቃሬዛውን ተሸክመው መጥተው ከእኛ ጋር እስከ ከተማዋ የዘለቁ ሁለት ጎረቤቶቻችን ከአጥሩ ሥር ያድሩ ነበርና አስጠርቶ ነገሩን አስረዳቸው። ምን ብለው ለአገር ሰው እንደሚያወሩ አብሯቸው መከረ። አባቴ ከሁሉ ይልቅ የሚፈራው ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ለምጽዋት መቀመጥ እንደ ሆነም ቀስ በቀስ አወቀ። ስለዚህ በባሕር ዳር ሰው ሠራሽ እግር ወደሚሠራበት ቤት ደብዳቤ ጻፈልን። ይህን ሁሉ ያደረገው በብዙ ሰዓት አይደለም፤ በየቀኑ ቍስሉን በሚያጥብበት ጊዜ እጁ እየሠራ አፉ ይጠይቅ ነበረ።

ይህ ሰው ያደረገው ነገር በአገራችን አዲስ እንዳይመስልህ። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1959 ካትሪንና ሬጂናልድ ሐምሊን የሚባሉ ባልና ሚስት ሐኪሞች ከአውስትራልያ ወደ አዲስ አበባ መጥተው በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ። በዚያም ፌስቱላ የያዛቸውን ሴቶች አገኙ። ነገሩን ለማታውቀው ልንገርህ። አንዲት የስማዳ ወይም የእስቴ ልጅ በለጋ ዕድሜዋ ተድራ ምጥ ሲይዛት ሐኪም ከሌለበት ስፍራ ሦስትና አራት ቀን ታምጣለች፤ የሕፃኑ ራስ ሥጋዋን ተጭኖ ይቆይና ሥጋው ሞቶ ይቀደዳል። ሕፃኑ ይሞታል፤ እርሷም ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሽንቷን መያዝ አትችልም። ባል ይተዋታል፤ ከቤቱ ጓሮ ጎጆ ይቀልሱላትና ለብቻዋ ትኖራለች። ወደ ሐኪም ልሂድ ብትል እንኳ መንገደኞች ከሽታው የተነሣ ከአውቶቡስ ያስወርዷታል።

ቀዳዳውን መስፋት የቀዶ ሐኪም ሥራ ነው፤ ሐምሊኖችም ይህን በእጅጉ አሠለጠኑት። በ1974 ለእነዚህ ሴቶች ብቻ የሚሆን ሆስፒታል በአዲስ አበባ አቆሙ። ነገር ግን ተሰፍታ የዳነች ሴት ያንኑ የበሰበሰ ቀሚሷን ለብሳ ብትመለስ አገሩ የሚያያት ያችኑ ሴት አድርጎ ነው። ስለዚህ ወደ አገሯ ስትመለስ አዲስ ቀሚስና የአውቶቡስ ገንዘብ ይሰጣት ጀመር። አንባቢ ሆይ፥ ይህን ቀሚስ እንደ ምጽዋት አትቍጠረው። በእኔ አስተያየት ቀሚሱ የቀዶ ጥገናው የመጨረሻ ስፌት ነው፤ ያች ሴት ከአውቶቡስ ወርዳ በገበያ መካከል ስታልፍ አፍንጫውን የሚይዝ ሰው አለመኖሩን የምታየው በእርሱ ነውና። ፈጽሞ መዳን ላልቻሉትም በኋላ ዘመን ደስታ መንደር የሚባል መኖሪያ ተሠራላቸው። በ2005 ደግሞ በባሕር ዳር ማእከል ተከፈተ፤ ከደብረ ታቦር መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ለእኛ አገር ሴቶች መንገዱ ያን ያህል አጠረ ማለት ነው።

ከዚያም ቤት ማሚቱ ጋሼ የሚባሉ ሴት ወጡ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ገና በለጋ ዕድሜያቸው በዚሁ በሽታ ተይዘው የመጡ ናቸው። ከታከሙ በኋላ በዚያው ቀርተው አልጋ ያነጥፉ ነበር፤ ቀጥሎም በቀዶ ጥገናው ክፍል መሣሪያ ማቀበል ጀመሩ፤ በመጨረሻም ፊደል ሳይቈጥሩ ራሳቸው መቅደድና መስፋት ቻሉ። በ1989 የለንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ለእርሳቸውና ለሐምሊኖች የወርቅ ሜዳይ ሰጠ። ስለ እርሳቸው ሳነብ ዘወትር የማስበው ስለ ሜዳዩ አይደለም። አንዲት ልጅ አልጋው ላይ ተኝታ የክፍሉን ጣራ ስትመለከት ከአጠገቧ የቆሙት ሐኪም «እኔም በዚህ አልጋ ላይ ተኝቼ ነበር» ብለው ሲነግሯት ምን እንደሚሰማት ነው የማስበው። ብዙዎቹ የዚያ ቤት አስታማሚዎች ቀድሞ ታማሚዎች ነበሩ። ሐምሊኖች የልብን ሐኪም ከታማሚዎቹ መካከል መርጠው አስቀመጡ።

ነገር በነገር ይነሣልና ስለ ሌላው የአገራችን ቀዶ ሐኪም አንድ ቃል ልጨምር። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ የጎንደር ተወላጅ ናቸው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1867 ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መቅደላ ሲጓዙ፥ በጋፋት የተሠራውንም ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ሲያስጎትቱ፥ ብዙ ቤተሰብ አብሮ ተጉዟል። በ1868 መቅደላ ስትወድቅ ሕፃኑን ወርቅነህን እንግሊዞች ወደ ህንድ አገር ወሰዷቸው፤ በዚያም አድገው ሕክምና ተማሩ። ከዓድዋ ጦርነት በኋላ ወደ አገራቸው በተመለሱ ጊዜ አያታቸው በሰውነታቸው ላይ በነበረው የልጅነት ጠባሳ እንዳወቋቸው ይነገራል። ለቀዶ ሐኪም ጠባሳ ማለት ሥራው በደህና መፈጸሙን የሚያሳይ መስመር ነው፤ ለአያቲቱ ግን ጠባሳው ልጁ ራሱ ነበረ።

አባቴ ለዚያ ዓመት ኅዳር ሚካኤል አልቆመም፤ ከመደብ ላይ ተቀምጦ ጽዋውን ታላቅ ወንድሜ አዞረለት። ማኅበርተኞቹም እየመጡ ጕልበቱን ሳይሆን ፊቱን ብቻ ለማየት ይጣጣሩ ነበር። ሰው ሠራሹን እግር ያገኘው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ይረግመው ነበረ፤ «ይህ የፈረንጅ እግር ዳገት አያውቅም» ይል ነበረ። እያደር ግን ተለማመደው። ሞፈር መያዝ ባይችልም ከአውድማ ቆሞ ይቈጣጠራል፤ መቋሚያውንም ይዞ ከቅዳሴ ይውል ጀመር። ከእኔም ጋር ታረቀ፤ ቢያንስ ታርቀናል ብሎ ለሰው ይናገራል።

አምና ክረምት ልጠይቀው ሄጄ ሳለ የቀበሌው ሰዎች ስለ መሬቱ የይዞታ ደብተር ወረቀት ይዘው መጡ። የቀለሙን ሣጥን ከፍተው ከፊቱ አኖሩለት። እኔም ከልማድ የተነሣ ልረዳው እጄን ዘረጋሁ። አባቴ አውራ ጣቱን በመዳፉ ውስጥ አጥፎ ደበቀና፥

«በመጀመሪያ አንብብልኝ» አለኝ።

ዋና ዋናውን ልነግረው ጀመርሁ።

«አይደለም» አለ፤ «ከላይ ጀምረህ፥ ሁሉንም።»